ለእንቁጣጣሽ ግድግዳ አትቀቡ

ጳጉሜን ስትገባ የሰፈራችን ቀለም መሸጫ በር ላይ ሰው አይጠፋም። ዶሮውና ቅቤው ተገዝቶ ሲያበቃ ሁሉም ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ክረምቱን ሙሉ ሲላጥና ሲረግፍ ዞር ብሎ ያላየው ግድግዳ፣ እንግዳ ሊመጣ ነውና ድንገት ያሳፍረዋል። ቀቢ ይጠራል፤ ዋጋው በካሬ ይቆረጣል፤ የተላጠው በስፓቱላ ቧጨር ቧጨር ይደረጋል፤ ጎድጓዳው በስታኮ ይሞላል፤ ሁለት እጅ ቀለም ያርፍበታል። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሙሽራ መስሎ ይቆማል። ቀቢው ደስ ብሎት፣ ባለቤቱ ደስ ብሎት፣ ጎረቤቱ በጎን እየገላመጠ በዓሉ ይገባል።

ይህን የሚቃወም ሰው ጨለምተኛ ይባል ይሆናል። ልባል። ከአሥራ ሦስቱ ወራት ውስጥ ለውጭ ግድግዳ ቀለም ጨርሶ የማይሆነውን ጊዜ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንኑ ሳምንት ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። መስከረም 1 ማለት ግድግዳው ሲጠጣ የከረመውን ውሃ ገና ማውጣት ያልጀመረበት ቀን ነው። ሁለት ቀን ፀሐይ ስላገኘ ላዩ ደርቆ ይታያል፤ በእጅ ሲነካም ይሞቃል። ከዚያ በስተጀርባ ያለው ልስንና ብሎኬት ግን ውሃውን እንደያዘ ነው። እኛ ደግሞ በላዩ ፕላስቲክ እናለብሰዋለን። "ፕላስቲክ ቀለም" ስንል የምናለብሰው ምን እንደሆነ በገዛ አፋችን እየተናገርን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም። የጥቅምት ፀሐይ ግድግዳውን ያግለዋል። ውስጥ የታመቀው ውሃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ይፈልጋል፤ ቀለሙ ይዘጋበታል። ውሃው ከሲሚንቶው፣ ከአሸዋውና ከመሬቱ ያሟሟውን ጨው ይዞ ይመጣል፤ ውሃው ሲተን ጨው ቀለሙ ጀርባ ላይ ይረጋና እየፋፋ ቀለሙን ከልስኑ ይገፋዋል። ኅዳር ላይ እዚህም እዚያም ያበጠ ነገር ይታያል። ጥር ላይ ያበጠው ይሰነጠቃል። በሚቀጥለው ሰኔ ዝናቡ በስንጥቁ ገብቶ ከቀለሙና ከልስኑ መሀል ይተኛል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፤ የሚያሳስቀን መስከረም ላይ ነው፣ የሚወስደን በዓመቱ።

ይህን የማወራው ከመጽሐፍ አይደለም። እኔም አራት ጊዜ አድርጌዋለሁ። በሦስተኛው ዓመት ቀቢዬን አስጠርቼ የተላጠውን ባሳየው፣ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ የቀለሙ ጥፋት ነው፤ ዘንድሮ ውድ የሚባለውን ይግዙ፣ አሥር ዓመት አይነኩትም" አለኝ። ልጁ ሊያታልለኝ አልፈለገም፤ ከልቡ ነው የሚያምነው። እኔም አምኜ ገዛሁ። በዓመቱ ልዩነቱን አየሁት፦ ርካሹ እንደ ገለባ እየተፈረፈረ ሲረግፍ ውዱ እንደ ሙዝ ልጣጭ በትልቅ በትልቁ ወረደ።

ልታገለው የምፈልገው እምነት ይኸው ነው። ግድግዳ ሲላጥ አገሩ ሁሉ የሚጠይቀው "የቱ ቀለም ይሻላል?" ብሎ ነው። ሠርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር የቀለም ስም ይጠራል፤ አንዱ ይህን ያወድሳል፣ ሌላው ያን ያጣጥላል። ውድ ቀለም ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። በደረቀና በጠነከረ ግድግዳ ላይ ጥሩ ቀለምና መናኛ ቀለም የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። ግን ቀለም የሚይዘው የተቀባበትን ነገር ነው። የተቀባው በሚነሳ አሮጌ ቀለም ላይ ከሆነ ያንን አጥብቆ ይዞ አብሮት ይወርዳል። እንዲያውም ጠንካራው ቀለም ሲደርቅ ስለሚሳብ ከሥሩ ያለውን ልል ሽፋን ጨርሶ ይነቅለዋል። የነቀዘ ጥርስ ላይ የተሰካ ወርቅ በሉት።

ከወደቀው ልጣጭ አንዱን አንስታችሁ እዩት። የእኔ ከአንድ ብር ሳንቲም እምብዛም የማይበልጥ ነበር። ጠርዙን ወደ ብርሃን ሳዞረው ክሬም፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ደግሞ ክሬም፤ የአራት እንቁጣጣሽ ቀለም እንደ ዛፍ ቀለበት ተደራርቦ ተቀምጧል። ትልቁ ቁም ነገር ግን ጀርባው ላይ ነው። ጀርባው የአሸዋ ቅንጣት ይዞ ከመጣ ልስኑ ራሱ ሞቷል፤ ቀለም ቀርቶ ጸሎትም አይይዘውም። ጀርባው ጣት ላይ እንደ ጠመኔ ዱቄት ከቀረ፣ በፊት የነበረው ቀለም በፀሐይ ተበልቶ ዱቄት ሆኖ ሳለ ሳይታጠብ ተቀብቶበታል ማለት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ፀሐይ ቀለም ትበላለች፤ ይህ ብርቅ አይደለም። ጀርባው ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ ዘይት ቀለም ተቀብቶ ኖሮ ፕላስቲኩ ሳይሻክርለት ተለጥፎበታል። ጀርባው ላይ ነጭ ጨው ካለ ውሃ አለ። የእኔ ጨው ነበረው። አራት ዓመት ሙሉ ለቀለም ሱቅ ስገብር መልሱ እግሬ ሥር ወድቆ ነበር።

ውሃው ከየት ይመጣል? እኔ ዘንድ የመጣው ከአሸንዳው ነበር። ሁለት ቆርቆሮ የሚገናኝበት መጋጠሚያ ተከፍቶ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከመስኮቱ በላይ ያለውን ግድግዳ እንደ ገንፎ ያርሰዋል። የተጠገነው ለአንድ ጋሎን ቀለም ከሚከፈለው ባነሰ ብር ነው፤ ያውም አንድ ከሰዓት በኋላ። ሌላው ቤት ሌላ ነው። አበባ ለመትከል አፈር ግድግዳው ላይ ይቆለልና ውሃ ከታች ወደ ላይ ይሳባል፤ ከመሬት እስከ ጉልበት፣ አንዳንዴም እስከ ወገብ፣ መስመር የተሰመረ ይመስል የሚላጥ ግድግዳ የዚህ ምልክት ነው። ከጣሪያው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ ሲሚንቶ በፈሰሰበት ግቢ ላይ እያረፈ መልሶ ግድግዳው ላይ ይረጫል። የመስኮቱ ደፍ ወደ ውጭ ካላዘነበለ ውሃው ደፉ ላይ ተኝቶ ወደ ግድግዳው ይሰርጋል። ከግድግዳው ጀርባ መታጠቢያ ቤት ካለ ቧንቧውን ማየት ነው።

የግቢ አጥር ለብቻው ይነሣ። አጥር ከቤት ይልቅ የሚላጠው በሁለት ጎኑ ስለሚዘንብበት ብቻ አይደለም፤ አናቱ ክፍት ስለሆነ ነው። ብሎኬቱ ባዶ ሆድ አለው፤ ውሃው ከላይ ገብቶ ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል። አናቱ ላይ በሁለቱም ወገን ወጣ ያለ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ክዳን ሳያስቀምጡ አጥር መቀባት ጎኑ በተቀደደ ማሰሮ ላይ ሥዕል መሳል ነው። ብዙ ሰው ግን ለመንገዱ የሚታየው አጥሩ ነውና መጀመሪያ የሚቀባው እሱን ነው።

አሁን ወደ ስታኮ ልምጣ። ስታኮ በእኛ አገር ግንባታ ውስጥ የይቅርታ ያህል ነው፤ የማይሸፍነው ጥፋት የለም። ጀሶና ኮላ ተለውሶ ከሚሠራው ጋር ቤት ውስጥ ጠብ የለኝም። ውጭ ላይ ግን ምን ሊሠራ ይወጣል? ጀሶ ውሃ ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ከዓመት ዓመትም ይሟሟል። ኮላውም ሲርስ እንደገና ይላላል። ውጭው ላይ የተላጠውን በጀሶ ስታኮ የሞላ ሰው ዘንድሮ የሚረግፈው ቦታ ላይ የከርሞውን እያዘጋጀ ነው። ለውጭ የሚሆነው ሲሚንቶ ያለበት መሙያ ነው፤ ትልቅ ቀዳዳ ከሆነም በቀጭን ልስን መጠገን።

በልስን ከተጠገነ ደግሞ መቆየት አለ። ትኩስ ሲሚንቶ ፒኤቹ 12 እና 13 ይደርሳል፤ የተለመደው 28 ቀን የመቆያ ጊዜ የመጣው በከንቱ አይደለም። ዘይት ቀለም በትኩስ ሲሚንቶ ላይ ሲቀባ ዘይቱ ከአልካሊው ጋር ተገናኝቶ ሳሙና ይሆናል። ምሳሌ እየተናገርኩ አይደለም፤ ሳሙና ሲሠራም የሚሆነው ያው ነው። ጳጉሜን 1 ለስኖ ጳጉሜን 3 የሚቀባ ሰው ግድግዳው ላይ ምን እየቀቀለ እንደሆነ ቢያውቅ ደግ ነበር።

"እና ቀቢዎቹ ይህን አያውቁም?" ትሉኝ ይሆናል። አብዛኞቹ ያውቃሉ። ያበላሸናቸው እኛ ነን፤ ያበላሸንበትም መንገድ በካሬ መክፈል ይባላል። ካሬ የሚቆጠረው በተቀባው ነው። አንድ ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ሲፍቅ፣ ሲያጥብ፣ አቧራ ሲውጥ ቢውል ካሬው አይጨምርም፤ ቀኑ ግን ይሄዳል። ባለቤቱ ማታ መጥቶ የሚያየው ከጠዋቱ የባሰ የተቦጫጨረ ግድግዳ ነው፤ "ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?" ይላል። በዚህ ዋጋ ከልቡ የሚፍቅ ቀቢ ቤተሰቡን ይጎዳል። ስለዚህ የተላጠውን በቀለም ይደብቃል። ክፍያው ለሁለት ተከፍሎ ይወሰን፦ ፍቂያና እጥበት በቀን ሒሳብ፣ ቅብ በካሬ። ዘንድሮ የእኔን ግድግዳ ሁለት ልጆች ስድስት ቀን ፋቁት። ጎረቤቴ ሁለተኛው ቀን ላይ ብቅ ብለው "ልታፈርሰው ነው?" አሉኝ። ለቅቡ የያዝኩት ከሁለት ቀን አይበልጥም። ሒሳቡ የተገለበጠ የሚመስለው ቀለም ቅብ ማለት መቀባት ብቻ ለሚመስለው ሰው ነው።

ተቃራኒውን ስህተት የሚሠሩም አሉ፤ እነሱንም አልምርም። ሁሉን በመዶሻ አራግፎ ከላይ እስከ ታች በጠንካራ ሲሚንቶ እንደገና መለሰን ይወዳሉ። አያስፈልግም። ጠንክሮ የያዘ አሮጌ ቀለም ለአዲሱ ጥሩ ወንበር ነው። የትኛው እንደያዘ ለማወቅ ግድግዳውን በካቻቢቴ እጀታ ኳ ኳ ማድረግ ይበቃል፤ ከበሮ ዓይነት ድምፅ የሰጠው ልስን ከብሎኬቱ ለቋልና ይውረድ፣ ጥርት ያለ ድምፅ የሰጠው ይቆይ። ለቀለሙ ደግሞ በምላጭ መስቀል አድርጎ ጭሮ፣ ስኮች ለጥፎ፣ ባንድ ጊዜ መንጠቅ ነው። ስኮቹ ቀለም ይዞ ከመጣ ያ ቦታ ይፋቃል። ስኮቹ ባዶውን ከመጣ አትንኩት፤ ጠርዙን ብቻ በብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ ከተፋቀው ጋር ደረጃው እንዳይታይ አስተካክሉት።

በጭቃ ቤት ላይ ሲሚንቶ ሲለሰን ስህተቱ ይከፋል። የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ቤት ብዙው ከእንጨትና ከጭቃ የቆመ ነው። ጭቃ ውሃ ይጠጣል፣ ውሃ ይመልሳል፤ እንደ ሰው ይተነፍሳል። በላዩ ሲሚንቶ ልስን፣ ከዚያ ፕላስቲክ ቀለም፣ አሁን አሁን ደግሞ ኳርትዝ የሚባለው ቀለም ሲጨመርበት ጭቃው ታፍኖ ይርሳል፤ ማገሩና ምሰሶው ይበሰብሳል። ሲሚንቶው ግን እንደ ጋሻ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከውጭ ደህና ይመስላል። ሽማግሌዎቹ ኖራ ይቀቡ የነበረው አላዋቂ ስለነበሩ አይደለም። ኖራ ውሃውን ያስወጣል፤ ሲያረጅ በልጣጭ አይወርድም፣ እየሳሳ እንደ ዱቄት ይሄዳል፤ በላዩ ሌላ ኖራ ይደገማል። የጎንደር ግንቦች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በድንጋይና በኖራ ነው የተሠሩት። ዛሬ አንድ ጭቃ ቤት ያለው ሰው ኖራ ልቀባ ቢል "ድሃ" እንዳይባል ይፈራል፤ ቤቱ ውስጥ ውስጡን እየበሰበሰ በኳርትዝ ይኮራል።

አንድ ክርክር ግን ያስቸግረኛል፤ የተከራይ ክርክር ነው። "ነገ ለምለቀው ቤት ምን አስፋቀኝ?" ይላል። እውነቱን ነው። እንዲህ ያለው ሰው የውጭውን ግድግዳ ባይነካው ይሻላል፤ ለቀለሙ ሊያወጣው የነበረውን ብር ይዞ ባለቤቱን ስለ አሸንዳው ይጨቅጭቅ። አከራዮችም ቢሆኑ ተከራይ በወጣ ቁጥር ግድግዳ ከመቀባት አንድ ጊዜ ውሃውን ቢዘጉ ይተርፋቸዋል።

ሌላው ክርክር ብዙም አያስቸግርም፦ "በመኪና ማጠቢያ ፓምፕ ብናጥበው ልጣጩ ራሱ ይረግፍልናል" የሚለው። ይረግፋል፤ በዚያው ውሃው በየስንጥቁ በግፊት ይገባና ለማድረቅ ሌላ ሳምንታት ይጠይቃል። ብሩሽና ተራ ጎማ ይበቃል። አረንጓዴ ሽበት ወይም ጥቁር ሻጋታ ያለበትን በበረኪና፣ አንድ እጅ በረኪና ለሦስት እጅ ውሃ በጥብጦ፣ ሩብ ሰዓት ያህል አቆይቶ በደንብ ማለቅለቅ። በረኪናውን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር የሚቀላቅል አለ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ አይሞከር። ከታጠበና ከደረቀ በኋላም መዳፍ ሲታሽበት ነጭ ዱቄት የሚሰጥ ግድግዳ ፕራይመር ይፈልጋል። በውሃ የቀጠነ ፕላስቲክ ቀለም ፕራይመር ነው የሚሉት ዱቄቱን አያስርም፤ ዱቄቱ ላይ ይተኛል።

የመስኮትና የበር ብረት ላይ ያለ አሮጌ ዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፋቅ፤ በውሃ እያረሱ፣ አፍንጫን ሸፍኖ፣ ሕፃናትን ከግቢው አርቆ። የእርሳስ ትንሹ መጠን እንኳ ለልጅ ጤና ነው የሚል ሐኪም የለም።

ጊዜውስ መቼ ነው? ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ። ከዚያ በልግ ሊያጨናንቅ ይችላል። በኅዳርና በታኅሳስ ሌሊቱ ጤዛ ስላለው ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ብሩሽ አይነሣ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላም እንዲሁ። ፀሐይ የምታጋየው ግድግዳ ላይም አይቀባ፤ ቀለሙ ሳይዝ ላዩ ይደርቃል። የምሥራቁን ከሰዓት በኋላ፣ የምዕራቡን ጠዋት፤ ጥላውን እየተከተሉ።

"እንቁጣጣሽስ?" ትላላችሁ። የእኔ ቤት ዘንድሮ እንቁጣጣሽን ያሳለፈው ራቁቱን ነው። ግራጫ ልስን፣ የክሬም ደሴት፣ አንዳንድ ቦታ የድሮው አረንጓዴ፤ የዓለም ካርታ ይመስላል። እህቴ በር ላይ ቆማ "ምነው፣ ኀዘን አለ እንዴ?" አለች። የአበባየሆሽ ልጆች ግን ግድግዳውን አላዩትም፤ ዘፍነው ብራቸውን ተቀብለው ሄዱ። ዶሮውም እንደ ወትሮው ጣፈጠ።

አሁን ኅዳር ነው። ባለፈው ሐሙስ ማታ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ፌስታል ቆርጬ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ አራት ጎኑን በስኮች አሸግሁት፤ ሌላውን በሰሜኑ ላይ። አርብ ከሰዓት በኋላ ሄጄ አየሁ። የምሥራቁ ፌስታል ውስጡ ደረቅ ነው። የሰሜኑ ከግድግዳው በኩል ጠብ ጠብ ያለ ላብ ይዟል፤ በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ያ ወገን እስካሁን በደንብ አልሞቀም። ቀቢው ደውሎ "ጋሼ፣ ሰኞ ሁለቱንም አንድ ላይ እንጨርስ፣ መሰላሉን ተከራይቼዋለሁ" ሲለኝ የምሥራቁን ብቻ አልኩት። ለመሰላሉ ኪራይ ደግሞ ሁለት ጊዜ እከፍላለሁ። ሰሜኑን ታኅሳስ ላይ በአዲስ ፌስታል እጠይቀዋለሁ።